ከታች የመጣ ቡድንና የዋንጫ መብት

አንድ ቡድን ከታችኛው የውድድር እርከን ወደ ላይኛው በተሸጋገረ ጊዜ፣ ለዋንጫ የመወዳደር መብቱ ወዲያው ይጸናል ወይስ አስቀድሞ የሙከራ ዘመን ማሳለፍ ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ የስፖርት አስተዳደር ታሪክ ሁለት ልዩ ልዩ መልሶች አሉት።

አንደኛው መልስ የአሜሪካ ኮሌጆች መልስ ነው። በዚያ አገር ኮሌጅ ምድቡን የሚለውጠው በማሸነፍ ሳይሆን በራሱ ማመልከቻ ነው። ስለዚህም ብሔራዊው የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር አመልካቹን ለዓመታት ከፍጻሜ ውድድሮቹ አግዶ ያቆየዋል፤ በዚያም ጊዜ በጀቱን፣ የትምህርት ድጎማውንና ደንብ አክባሪነቱን ይመረምራል። በሚኔሶታ የሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሦስተኛው ምድብ ወደ አንደኛው በተዛወረ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ቡድኖቹ እስከ 2025 ድረስ ከብሔራዊው ውድድር ውጭ ሆነው ቆይተዋል።

ሁለተኛው መልስ የኢትዮጵያ እግር ኳስ የሚከተለው ነው። የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር በ1990 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚህ ሥርዓት ዕድገት የሚገኘው በሜዳ ውጤት እንጂ በማመልከቻ ስላልሆነ፣ ያደገው ቡድን ከነባሮቹ ጋር እኩል መብት ይዞ ይገባል። በየካ ሚካኤል ከሚገኝ የሰፈር ሜዳ የሚነሣ ቡድን እንኳ፣ መሰላሉን በየደረጃው ከወጣ፣ በሕጉ ዓይን ከማንም አያንስም።

ይህ መብት የወረቀት ብቻ አለመሆኑን ሁለት ተከታታይ ዓመታት አስመስክረዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫውን አራት ጊዜ በተከታታይ ወስዶ ነበር። በዚያው ዓመት ከከፍተኛ ሊግ ካደጉት መካከል ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም.፣ መቐለ 70 እንደርታ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆኑ። ሁለቱም በየተራቸው በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አገራቸውን ወከሉ። ሕጉ የሙከራ ዘመን ቢጠይቅ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

ይሁን እንጂ ድል የቡድንን መሠረት አያረጋግጥም። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ባነሣ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወርዷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የክለብ ፈቃድ ሥርዓትም የሚመረምረው ይህንኑ መሠረት ነው፤ ይኸውም ሜዳውን፣ የሰው ኃይሉን፣ ሕጋዊ አቋሙንና ሒሳቡን ነው።

እንግዲህ በምርጫው ለመጣ ቡድን ጥበቃ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በድል ለመጣው ግን የሚገባው ምርመራ እንጂ እገዳ አይደለም።