ከዓባይ ማዶ የመጡ ሴቶች በጎጃም

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ አገሮች ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ዓባይን ተሻግረው በባሶ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ ሰውም እንዲሁ። ከተሸጡት ሴቶች ከፊሎቹ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ተነዱ፤ ሌሎቹ በጎጃም ቀርተው እህል ፈጩ፣ ውሃ ቀዱ፣ የጌቶቻቸውን ልጆች አሳደጉ። የዘመኑ ተጓዦች ዋጋቸውን እንጂ ስማቸውን እምብዛም አልጻፉም።

ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ ስድቡ ግን አልተሻረም። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም በቆዳው ጥቁረት ሰውን ያዋርዳል፤ ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠርም ይነሣል። ስለዚህ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ የአረጋውያንን ቃል የሚሰበስብ ተማሪ ሁለት ዕዳ አለበት፦ የእነዚያን ሴቶች ስም ከመረሳት ማዳን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ማንነት ያለ ፈቃዳቸው አለመግለጥ።