ዜና አዋሽ፤ ስለ ሸንኮራና ስለ ጥጥ እርሻ፥ ስለ ከብት አርቢዎቹም ግጦሽ

ዓለም በተፈጠረ በ7443 ዓመት፥ ይኸውም በ1943 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ሉቃስ፥ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፥ በኢንዶኔዥያ ሸንኮራ ሲያለማ የኖረ ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ከመንግሥታችን ጋራ ተዋውሎ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር በወንጂ ሜዳ 5,000 ሄክታር፥ በአገራችን ልክ 125 ጋሻ መሬት ተረከበ። በ1946 ዓ.ም.፥ በዘመነ ማርቆስ፥ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፤ ስኳርን ከባሕር ማዶ ታስመጣ የነበረች አገርም የራሷን ስኳር ቀመሰች። በዚህ ብዙ ሰው ደስ አለው፥ ደስታውም የሚነቀፍ አልነበረም፤ ነገር ግን ያ ሜዳ አስቀድሞ የጂሌ ኦሮሞ ከብቶች የሚሰማሩበት እንደ ነበረ ያሰበ ጥቂት ስለ ሆነ፥ እነሆ ይህን ዜና እንጽፋለን።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድረ በዳ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። በደጋ ክረምት ሲከብድ ይሞላል፥ ሞልቶም ግራና ቀኙን ያለብሳል፤ ውኃው ሲሸሽ በረግረጉ ላይ የሚበቅለው ሣር፥ ሌላው ምድር ሁሉ በፀሐይ ነድዶ አቧራ በሆነበት ወራት ሳይቀር ለምለም ሆኖ ይቆያል። ከረዩዎች በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ፥ አፋሮችም ከዚያ በታች፥ ዝናም ሲዘንብ መንጋቸውን ይዘው ወደ ሩቁ ሜዳ ይወጣሉ፥ ዝናሙ ሲያቆም ወደ ወንዙ ይመለሳሉ፤ ማን በየት እንደሚያሰማራም በጎሳ የተከፈለ፥ በአፋርም ዘንድ ማዳ በሚሉት የአባቶች ሕግ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ለመንገደኛ የወንዙ ዳር ባለቤት የሌለው መስሎ ይታየዋል፥ በእውነቱ ግን ለክፉ ቀን የተዘጋ ጎተራ ነው። በስፋቱ ከመላው ምድረ በዳ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆንም፥ ያ ጥቂት የታጣ እንደ ሆነ የቀረው ሰፊ አገር በሙሉ ከብቱን ከበጋ አያሻግረውም፤ የወሰድነው ጥቂት ነው የሚል ሹም ሄክታሩን ቈጥሮ ወራቱን ሳይቈጥር ቀርቷልና።

በ1948 ዓ.ም.፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በታወጀ ጊዜ፥ በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት፥ ደኑና የግጦሹ መሬት ጭምር፥ የመንግሥት ሀብት እንዲሆን በ130ኛው አንቀጽ ተደነገገ። የደጋው ሰው ርስቱን በአባቱ ስም ቈጥሮ፥ ግብሩን ከፍሎ፥ ደረሰኙን አሳይቶ ይከራከር ነበር፤ ከብት አርቢው ግን የሽማግሌ ቃል እንጂ መዝገብ አልነበረውምና በተወለደበት አገር እንደ እንግዳ ተቈጠረ።

ከዚህም በኋላ በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ወንዙ ተገራ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ሰሞን ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆና በዱብቲ ጥጥ ለመዝራት ገባ። ፍርድ እንዳይጓደል ይህም ይጻፍ፦ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሳ የነገሡት ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ የዘመኑን ነገር አስተውለው ራሳቸው ጥጥ ማስዘራት ጀመሩ፥ በእጃቸው ያሉ ባላባቶችም ተከተሏቸው፤ ሀብትም አገኙበት። ይሁን እንጂ ለባላባቱ የተረፈው ብር ለተራው እረኛ ሣር አልሆነለትም።

በመተሐራ በኩል ደግሞ ያው የሆላንድ ኩባንያ ሸንኮራውን አስፋፍቶ በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛ ስፍራ ላይ ስኳር አወጣ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በ1958 ዓ.ም. ተከልሎ ነበርና፥ ከረዩዎች በአንድ ወገን በሸንኮራ፥ በሌላው ወገን በአራዊት ተከበቡ። ያንጊዜ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የበሰቃ ሐይቅም፥ ከመስኖው የሚሰርገው ውኃ አንዱ ምክንያት ሆኖ፥ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ግጦሽና መንገድ ዋጠ፤ ውኃውም ጨዋማ ነው። በወንጂ ሥራ ፍለጋ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡት ሠራተኞች፥ ፍሎራይድ የበዛበትን የጕድጓድ ውኃ ሲጠጡ ኖረው ጥርሳቸው ጠቈረ፥ የብዙዎችም ጀርባ ጐበጠ።

አባታችን አብርሃም ምድሪቱ ለሁለት መንጋ በጠበበች ጊዜ ለታናሹ ለሎጥ ምርጫውን አስቀድሞ ሰጠው፤ ለአዋሽ እረኛ ግን ምርጫ የሰጠው አልተገኘም። በ1965 ዓ.ም.፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በወሎ ጠቅላይ ግዛትና በአፋር ምድር ዝናም ቀረ። እረኞቹ እንደ ልማዳቸው ከሩቁ ሜዳ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ በአያቶቻቸው ረግረግ ላይ ግን ቦይ ተቈፍሮ፥ ዘበኛ ቆሞ፥ ጥጥ በቅሎ ነበር፥ በመስኖ ለሚጠጣው ጥጥም የሰማይ ዝናም አላስፈለገውም። አስቀድሞ ላሙ አለቀ፥ ቀጥሎ ፍየሉ፥ ከዚያም ሕፃናቱና ሽማግሎቹ። የወሎ ረሃብ በዓለም ሲሰማ የደጋው ገበሬ መከራ ተነገረ፥ ሊነገርም ይገባው ነበር፤ አስቀድሞ ከተመቱት አንዱ የሆነው አፋር ግን ከመንገድ ርቆ ስለ ሞተ ብዙ አልተለቀሰለትም። የተረፉትም ለቀረው ሣር ከጐረቤቶቻቸው ጋራ ተዋጉ፥ በዚህም ብዙ ደም ፈሰሰ።

በ1967 ዓ.ም.፥ በዘመነ ሉቃስ፥ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። አዋጁ ለከብት አርቢው በልማድ በያዘው ግጦሽ ላይ የመጠቀም መብት ሰጠ፤ እርሻዎቹ ግን የመንግሥት እርሻ ሆኑ እንጂ ወደ እረኛው አልተመለሱም፥ ሱልጣኑም በዚያው ዓመት ወደ ጅቡቲ ተሻግረው ተሰደዱ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመካከለኛው አዋሽ ከፊሉ መሬት ለጎሳዎቹ ሲመለስ፥ ብዙው በመስኖ ብዛት ጨው ወጥቶበት፥ ፕሮሶፒስ የሚሉት ባዕድ እሾሃማ ዛፍ ወርሶት ተገኘ፤ ከብት ሊሰማራበትም ሊታረስም አስቸገረ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ በተንዳሆ ታላቅ ግድብ ተጀምሮ 50,000 ሄክታር ሸንኮራ እንዲተከል ታቀደ፥ የታችኛው አዋሽ ከብት አርቢዎችም ከወንዙ ዳር ተነሥተው በመንደር ይሰፍሩ ዘንድ ሥራው ተጀመረ።