በቤት ውስጥ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚወርዱና የሚጫኑ ሶፍትዌሮች አያያዝ

በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይልና የተጫነ ሶፍትዌር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የወረደው ፋይል እንደማንኛውም ሰነድ ሊዛወር ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የተጫነው ሶፍትዌር ግን ክፍሎቹ በልዩ ልዩ ፎልደሮች ስለሚቀመጡ በእጅ ሊነካካ አይገባውም። ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል የሥርዓቱን ፋይሎች መሰረዝ ኮምፒውተሩ ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል።

በኡቡንቱና በዴቢያን ተመራጩ መንገድ ሶፍትዌሩን ከሥርዓቱ የራሱ ማከማቻ በአፕት አማካይነት መጫን ነው። አፕት የጥቅሉን ትክክለኛነት ያረጋግጣል፣ የጫነውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ሲታዘዝም ያነሳል። ያወረዳቸው ጥቅሎች በዲስኩ ላይ ተጠራቅመው ቦታ የያዙ እንደሆነ «ሱዶ አፕት ክሊን» በሚለው ትዕዛዝ ይጸዳሉ፤ የተጫኑት ፕሮግራሞች አይነኩም።

ከማከማቻው ውጭ የተገኘ ሶፍትዌር የራሱ ቦታ አለው። ተሟልቶ በአንድ ፎልደር የሚመጣ ፕሮግራም «ኦፕት» ውስጥ ይቀመጣል። ከምንጭ ኮዱ የሚገነባው ደግሞ በ«ዩኤስአር» ሥር ባለው «ሎካል» ይጫናል፤ አፕት ወደዚያ ስለማይጽፍ ሥርዓቱ ሲታደስ አይደመሰስም። «ዩኤስአር» የሚለው ስም «ተጠቃሚ» የሚል ቢመስልም የግል ሰነድ ማስቀመጫ አይደለም። ከምንጭ ኮድ የተገነባ ፕሮግራም በአፕት መዝገብ ስለማይገባ በኋላ ማንሳት አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም የተገነባበት ፎልደር ተጠብቆ መቆየት ይኖርበታል። ፕሮግራሙን የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በራሱ የሆም ፎልደር ውስጥ ማስቀመጡ ይበቃል፤ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም አያስፈልገውም።

«ዳውንሎድስ» የተሰኘው ፎልደር መቀበያ እንጂ መጋዘን አይደለም። ሊቆይ የሚገባው ፋይል የሶፍትዌሩ ስምና የእትም ቁጥሩ በተጻፈበት ፎልደር ይዛወራል፤ የወረደበት ቀንና አድራሻም አብሮ ይመዘገባል። ከመጫኑ በፊት ግን የፋይሉ የማረጋገጫ ቁጥር አዘጋጁ ካወጣው ጋር መመሳከር አለበት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ ጎብኚዎች ድብቅ መግቢያ የተጨመረበት የመጫኛ ፋይል እንዲያወርዱ ተደርጎ ነበር። ጠላፊ ድረ ገጹን ከያዘ ቁጥሩንም ሊቀይር ስለሚችል፣ አዘጋጁ ዲጂታል ፊርማ ያወጣ እንደሆነ እርሱን ማረጋገጥ የተሻለ ነው።

ሊኑክስን እንደ አዲስ መጫን ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሆም ፎልደር በተለየ የዲስክ ክፍል ላይ ከሆነ፣ በመጫኑ ሂደት ያ ክፍል ፎርማት እንዳይደረግ እስከተመረጠ ድረስ፣ ፎቶግራፎችና ሰነዶች ባሉበት ይቆያሉ። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ግን ይህ ክፍፍል አያድንም፤ ቅጂያቸው በሌላ ዲስክ መቀመጥ አለበት።