ምን ወረቀት ላሳያቸው?

በ2019 ከኮሌጅ እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ቨርጂኒያ ነበር። ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ተጠርቼ የምሮጠው እኔ አዲሱ ልጅ ነበርኩ። በሩ ላይ ሁሌም የማገኛቸው ጥበቃ ቬትናም የዘመቱ ሽማግሌ ናቸው። ሌሊት እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው የሌሊት ሥራ እንደሚመቻቸው ነገሩኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው እንዲህ ሲሆኑ። የአሜሪካ መንግሥት በውትድርና ለተጎዳ ሰው በየወሩ ካሳ እንደሚከፍል ሰምቼ ስለነበር ለምን እንደማያመለክቱ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ምን ወረቀት ላሳያቸው፣ ልጄ?» አሉኝ።

የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ኮድ ነው የምጽፈው። ግን በኛ ሥራ ፎርሙ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ሲቀር ፕሮግራሙ በራሱ የሚይዘው መልስ አለ፤ ዲፎልት እንለዋለን። ወረቀት ከሌለ መልሱ «አዎ» ነው ወይስ «አይ»? ይህንን ይዤ ታሪኩ ውስጥ ገባሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የጠፋው ስሙ ነው። ሐኪሙ ጃኮብ ዳ ኮስታ በ1871 ባሳተመው ጥናት፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለመጡ፣ ልባቸው ስለሚመታና ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው፣ ልባቸው ሲመረመር ግን ችግሩ ስለማይገኝ ወታደሮች ጻፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ሼል ሾክ» ተባለ፣ በሁለተኛው «የውጊያ ድካም»። እኛ ደግሞ «ትንሽ ነካ ያደርገዋል» ብለን እናልፈዋለን። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1952 ባወጣው የመጀመሪያ የምርመራ መጽሐፍ ከከባድ ጭንቀት የሚመጣ መታወክ ተመዝግቦ ነበር። በ1968 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ግን ተሰረዘ። 1968! ቬትናም የቴት ጥቃት የተካሄደበት ዓመት። በ1970 የተመለሰ ወታደር የያዘው ሕመም ሐኪሙ መጽሐፍ ውስጥ ስም አልነበረውም። ዳታቤዙ ላይ ኮለሙ ከሌለ ደግሞ መረጃህን የት ታስገባለህ?

በዚያው 1970 ኒውዮርክ ውስጥ የተመለሱ ወታደሮች ክብ ሠርተው እየተቀመጡ ማውራት ጀመሩ። ሐኪሞቹ ሮበርት ሊፍተንና ካይም ሻታን አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። ሻታን በ1972 ጉዳዩን ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጻፈው። ከብዙ ግፊት በኋላ በ1980 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ዛሬ ፒቲኤስዲ የምንለው ስም ገባበት፤ የካሳ መሥሪያ ቤቱም ተቀበለው።

ስም ተገኘ፤ አቤት የሚባልበት ግን የለም። በ1933 የወጣ ሕግ የካሳ ውሳኔዎችን ከፍርድ ቤት አውጥቷቸው ነበር። ማመልከቻህ ውድቅ ከሆነ ይግባኝህን የሚያየው የዚያው መሥሪያ ቤት ቦርድ ነው፤ ቦርዱ «አይ» ካለ አለቀ።

ጠበቃስ? ይሄኛውን ሳነብ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁለቴ ነው ያየሁት። ለወታደር የካሳ ጉዳይ የሚቆም ጠበቃ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ተከልክሏል። ጣሪያው የተቀመጠው በ1864 ነው፣ አብርሃም ሊንከን በሥልጣን ላይ እያለ። ያኔ የሞቱ ወታደሮችን ሚስቶች የሚዘርፉ ደላሎች ስለበዙ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን በ1985ም ያው 10 ዶላር ነበር! ከዚያ በላይ የተቀበለ እስከ ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ሊታሰር ይችላል። በዚያ ዓመት ወታደሮች ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፣ ተሸነፉም። ሂደቱ ባላንጣ የሌለበት ስለሆነ ጠበቃ አያስፈልገውም ተባለ። እግሩ ለተቆረጠ ሰው ይሁን፤ እግሩ ራሱ ይመሰክራል። የአእምሮ ጉዳት ግን ማስረጃው ታሪክ ነው፣ የታመመውም ታሪኩን መናገር የማይችለው ሰውዬ ነው።

በኅዳር 1988 ሬገን የፈረመው ሕግ ሁለቱንም በሮች ከፈተ፦ ለቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ የሚሆን ፍርድ ቤት ተቋቋመ፣ የ10 ዶላሩም ጣሪያ ተነሣ። አዲሱ ፍርድ ቤት በ1990 ጊልበርት በሚባል ሰው ጉዳይ ላይ ማስረጃው ከዚህም ከዚያም እኩል ሲመዝን ወታደሩ ያሸንፋል አለ፤ ሰፈር ውስጥ ቤዝቦል የሚጫወቱ ልጆችን ደንብ እንደ ምሳሌ ጠቅሶ። ሐሳቡ ከቀድሞም ደንቡ ውስጥ ተጽፎ ነበር። መከበሩን የሚያይ ዳኛ ነው ያልነበረው።

ለፒቲኤስዲ ግን አሁንም «ያ ነገር በእርግጥ ደርሶብሃል?» የሚል ጥያቄ ቀረ። ሲዋጋ እንደነበር የተረጋገጠለት ሰው ቃሉ ይታመናል። ሹፌሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጸሐፊውስ? እነሱ ደጋፊ ማስረጃ ማምጣት ነበረባቸው። ፋይል ደግሞ ይቃጠላል። ሐምሌ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን የወታደር ፋይል ጠፍቷል፣ አብዛኛው ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች።

ማስረጃው ቢሟላም ጉዳቱ በመቶኛ ይለካል፦ 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100። በየደረጃው ምልክቶች ተዘርዝረዋል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ምልክት ያለው ሰውስ? ፍርድ ቤቱ በ2002 ዝርዝሩ ምሳሌ እንጂ ሁሉንም የያዘ አይደለም ብሎ ወሰነ። የዝርዝሩ መግቢያ «እንደ» የሚል ቃል አለው፤ ክርክሩ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። በአንድ ፊደል ቀን ሙሉ ስለተቸገርኩ ይገባኛል።

በሐምሌ 2010 ደንቡ ተሻሻለ። ፍርሃቱ ከጠላት ጥቃት የመጣ ከሆነ፣ ነገሩ ካገለገለበት ቦታና ሁኔታ ጋር ከተስማማ፣ የመሥሪያ ቤቱም የአእምሮ ሐኪም ካረጋገጠ፣ የወታደሩ ቃል ብቻውን ይበቃል። ዲፎልቱ የተቀየረው እዚህ ጋ ነው እላለሁ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ 145 ዓመት አልፎ።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ ሌሊት ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ስንቅ የሚያመላልስ ኮንቮይ ላይ ሹፌር ነበሩ። «አሁን እኮ ወረቀት አይጠይቁዎትም፣ ቃልዎ ይበቃል» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። «እሱኑ ነው የማልችለው» አሉ። «ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ነው የምፈልገው።»

አብሮ የነበረ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤም እንደ ማስረጃ እንደሚቆጠር አንብቤ ነበር። ከጎናቸው ማን ይቀመጥ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ፊታቸው በራ፤ ስለ ልጁ ሳቅ፣ ስለሚያኘከው ማስቲካ፣ መኪናው ውስጥ ስለሚዘፍነው ዘፈን ሁሉ ነገሩኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ስሙን እንዲነግሩኝ ጠበቅኩ።

«ቴክስ» አሉኝ። «ሁላችንም ቴክስ ነበር የምንለው።»