ዐቃቢና መዝገብ፦ የሶፍትዌር ጥቅል አስተዳዳሪ ታሪክ
(በደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የኮምፒውተር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ፈጣሪዎች ናቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጠባቂዎችን ነው። አንድ ሶፍትዌር ሠሪው ከተለየው በኋላ በማን እጅ ይቆያል? የቆየበትስ መንገድ በምን ይታወቃል?

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያከፋፍለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ጥቅል የምንለው ፕሮግራሙ ከነፋይሎቹና ከነመግለጫው፣ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች ዘርዝሮ ሲታሰር ነው። የጥቅል አስተዳዳሪ ደግሞ ይህን ከማከማቻው አምጥቶ በቦታው ይተክላል፣ ያድሳል፣ ሲያስፈልግም ይነቅላል። የሰፈራችን ስም ቧንቧ ውሃ በመሆኑ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ውሃ ከምንጩ ቤት ድረስ እንዲመጣ ቧንቧው መዘርጋቱ ብቻ አይበቃም፤ መስመሩን የሚጠብቅና የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚመዘግብ ሰው ያሻል።

ኢያን መርዶክ የደቢያንን ፕሮጀክት ያስታወቀው በነሐሴ 1993 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1994 ዲፒኬጂ የተባለው የጥቅል አስተዳዳሪ መጀመሪያ በሼል፣ ቀጥሎ በፐርል ተጻፈ፤ በዚያው ዓመት ኢያን ጃክሰን ዋናውን ክፍል በሲ ቋንቋ አደሰው። በ1995 ሬድ ሃት አርፒኤምን አወጣ። በመጋቢት 1999 ደቢያን 2.1 አፕትን ይዞ ሲወጣ፣ አንዱ ጥቅል የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች በእጅ እያደኑ መሰብሰብ ቀረ።

የታሪክ ተመራማሪን ይበልጥ የሚስበው ግን ከፕሮግራሙ ጋር ያደገው ደንብ ነው። በደቢያን ሥርዓት እያንዳንዱ ጥቅል ኃላፊው በስም ይጠቀሳል። ለውጥ ሲደረግ ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠውና መቼ እንደተለወጠ ይጻፋል። የባለመብቶቹ ስምና የፈቃዱ ቃል ከጥቅሉ ጋር ይጓዛል። መመሪያ ገጽ የሌለው ፕሮግራም ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል፤ ሰነዱ የሥራው አካል ነውና።

ይህ ልማድ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በተዉት ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። የገዳሙ አበምኔቶች ማዕረግም ዐቃቤ ሰዓት ነበር። «ዐቀበ» በግዕዝ ጠበቀ ማለት ነው። የጥቅል ኃላፊውን ዐቃቢ ብዬ የምጠራው ስለዚህ ነው። ልዩነቱን ግን መዘንጋት አይገባም። ብራና በደኅና ቦታ ሳይነካ ቢቀመጥ ዘመናት ይሻገራል፤ ሶፍትዌር ግን ሳይነካ ሲቀመጥ የተመረኮዘባቸው ሌሎች ጥቅሎች ይለወጡና እርሱ መሥራት ያቆማል። የሶፍትዌር ዐቃቢነት ያለማቋረጥ ማደስ ነው።

የራሳችን ፊደል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ቦታውን አገኘ። ፊደሉ መመዝገቡ ግን ብቻውን አማርኛን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ አላሠራም። የወራትና የቀናት ስሞች፣ የጽሕፈት ስልቶችና የፊደል ቅርጾች በየጥቅሉ መግባት ነበረባቸው። በጂሊብሲ ውስጥ ባለው የአማርኛ መረጃ መግቢያ ላይ ምንጩ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን መሆኑ ተጽፏል። ዳንኤል ያዕቆብ ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚሆን የፐርል ሞጁል በሲፓን ማከማቻ አኑሯል። በኢማክስ ውስጥ ያለው የግዕዝ ድጋፍ የጃፓናዊውን ታካሃሺ ናኦቶን ስም ይዟል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ቅርጸ ፊደልም የደቢያን ጥቅል ሆኖ በአንድ ትእዛዝ ይተከላል። እነዚህን መዛግብት ስገልጥ ደጋግሜ የማስተውለው የእጆቹን ማነስ ነው። የሚሊዮኖች ጽሕፈት በጥቂት ሰዎች ትዕግሥት ላይ ቆሟል።

የእጅ ማነስ ምን እንደሚያስከትል ዓለም አይቷል። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት ፓድ የተባለ 11 መስመር ኮድ ከኤንፒኤም ማከማቻ በመነሣቱ በብዙ አገር ሥራ ተስተጓጎለ። በመጋቢት 2024 ደግሞ በኤክስዜድ ጥቅል ውስጥ የተሰወረ የጥቃት በር ተገኘ። በሥራ ብዛት የደከመውን ዐቃቢ ለማገዝ የመጣ መስሎ በዓመታት እምነት ያተረፈ ሰው ያስገባው ነበር። ሴራውን አንድሬስ ፍሮይንድ የደረሰበት፣ ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ችላ ባለማለቱ ነው።

ኢንተርኔት በሚቋረጥበት በእኛ አካባቢ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። መስመር ሲጠፋ ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደነካካው አይታወቅም፤ ቫይረስም አብሮት ይዞራል። የጥቅል ሥርዓት ለዚህም መላ አለው። አፕት ከዲስክ ላይ መትከል ይችላል፤ የማከማቻው ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ ስለሚታተም፣ ከኢንተርኔት የወረደ የማከማቻ ቅጂ በፍላሽ ቢመጣም ትክክለኛነቱ ይመረመራል። እንዲህ ያለ ቅጂ በአንድ ላቦራቶሪ ማኖር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየጊዜው የሚያድሰውና ያደሰበትን ቀን የሚጽፍ ሰው ነው።

ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለምትማሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመመረቂያ ሥራ ሁሉ አዲስ ፕሮግራም መፍጠር የለበትም። ደቢያን ዐቃቢ ያጡ ጥቅሎችን ዝርዝር ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ የጥቅል መግለጫዎችን በየቋንቋው የሚተረጉም ቡድንም አለው። ከአማርኛ ጋር የተያያዘ አንድ ጥቅል መርጦ ጉድለቱን መመዝገብ፣ መመሪያውን በአማርኛ መጻፍ፣ ቀጥሎም ማደስ የተሟላ ሥራ ነው። መምህራንም ይህን ሥራ ስንመዝን ለፈጠራ የምንሰጠውን ያህል ዋጋ ልንሰጠው ይገባል። ያን ጊዜ በለውጥ መዝገቡ ላይ ከዚህ ከተማ የወጣ ስም ይገኛል፤ ቀጣዩ ዐቃቢም ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።