ስቴት ያልሆነች ከተማ የስቴት ትምህርት ቦርድ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት በቀጥታ የሚናገር አንቀጽ የለውም። በ1791 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የስቴቶች ወይም የሕዝቡ መሆኑን ስለ ደነገገ፣ ልጆች ምን ይማሩ፣ መምህር ምን ዓይነት ዝግጅት ይኑረው፣ ተማሪ ምን ሲያሟላ ይመረቅ የሚሉት ጥያቄዎች የየስቴቱ ጉዳይ ሆነው ቆይተዋል። እነዚህን ጉዳዮች የሚወስነው አካል በአብዛኛው የስቴት ትምህርት ቦርድ ይባላል፤ ማሳቹሴትስ በ1837 አቋቁማ ሆራስ ማን በጸሐፊነት ባገለገለበት ቦርድ እንደ ታየው፣ አባላቱ ብዙውን ጊዜ በስቴቱ ገዥ ይሾማሉ። ቴክሳስን፣ ካንሳስን፣ ኮሎራዶንና ሚሺጋንን የመሳሰሉ ጥቂት ስቴቶች ግን ወንበሩን ለሕዝብ ምርጫ አቅርበውታል። የወንበሩ ክብደት በካንሳስ በግልጽ ታይቷል፤ አሥር አባላት ያሉት የዚያ ስቴት ቦርድ በ1999 በ6 ለ4 ድምፅ የዝግመተ ለውጥን ትምህርት አብዛኛውን ክፍል ከሳይንስ መመዘኛዎቹ ሲያወጣ፣ መራጩ በማግሥቱ ዓመት ውሳኔውን ከደገፉት አንዳንዶቹን በቅድመ ምርጫ አሰናብቶ፣ አዲሱ ቦርድ በ2001 መጀመሪያ ላይ ውሳኔውን ሽሮታል።

ከተመራጭ ቦርዶች ሁሉ ታሪኩ ለብቻው የሚቆመው ግን የዋሽንግተን ዲሲው ነው፤ ከተማዋ ስቴት ሳትሆን የስቴት ትምህርት ቦርድ አላት፣ ነዋሪዎቿም በሃያኛው ምዕተ ዓመት የከተማቸውን ከንቲባ ከመምረጣቸው በፊት የመረጡት የትምህርት ቦርድ አባላትን ነበር።

የአገሪቱ ዋና ከተማ በሕገ መንግሥቱ መሠረት በኮንግረስ ሥልጣን ሥር ናት። ጥቁር ወንዶች በ1867 የመምረጥ መብት አግኝተው ጥቂት ዓመታት ቢጠቀሙበትም፣ ኮንግረስ በ1874 የከተማዋን ተመራጭ አስተዳደር አፍርሶ በተሿሚ ኮሚሽነሮች በመተካቱ፣ ነጩም ጥቁሩም ነዋሪ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማውን አስተዳዳሪዎች ሳይመርጥ ኖረ። በ1906 የወጣው ሕግ ደግሞ ዘጠኝ አባላት ያሉትን የትምህርት ቦርድ የመሾም ሥልጣን ለከተማዋ ፍርድ ቤት ዳኞች ሰጠ፤ ሙግት መዳኘት ሥራቸው የሆነ ሰዎች ስለ ልጆች ትምህርት የሚወስኑትን ሰዎች መራጮች ሆኑ ማለት ነው። ሥርዓቱ ለነዋሪው ድምፅ ቦታ ባይሰጥም፣ በአባልነት የተሾሙት ሰዎች ሁሉ ደካሞች ነበሩ ማለት አይደለም፤ በ1895 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾመችውና በ1906 ተመልሳ እስከ 1911 ያገለገለችው ሜሪ ቸርች ቴሬል በአንድ የአሜሪካ ከተማ የትምህርት ቦርድ ውስጥ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ስትሆን፣ በዘር ተከፍለው በነበሩት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለጥቁር ልጆች ያለ ዕረፍት ተከራክራለች። ተሿሚ ግን ተጠሪነቱ ለሾመው ነውና፣ በቦርዱ ውሳኔ ያዘነ ወላጅ አቤቱታውን ከማሰማት በቀር አባሉን የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም።

የዘር ክፍፍሉ በሕግ ያበቃው በሜይ 17 ቀን 1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቦሊንግ እና ሻርፕ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ነው። በስቴቶች ትምህርት ቤቶች የነበረውን የዘር ክፍፍል የሻረው ዝነኛው የብራውን ፍርድ በዚያው ቀን ቢሰጥም፣ የተመሠረተበት አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ስቴቶችን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ፣ ለዋሽንግተን በአምስተኛው ማሻሻያ ላይ የቆመ የተለየ ፍርድ አስፈልጓል፤ ስቴት አለመሆን ለዚህች ከተማ በክፍል ውስጥ ባለው መቀመጫ ላይ ሳይቀር ጥያቄ የሚያስነሣ ጉዳይ ነበር። ከፍርዱ በኋላ ክፍፍሉ በሌላ መልክ ቀጠለ። የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ ካርል ሃንሰን ያስፋፋው አሠራር ተማሪዎችን ገና በልጅነታቸው በፈተና ውጤት እየመደበ በተለያዩ የትምህርት መስመሮች ያስኬድ ስለነበረ፣ ድኻና ጥቁር ልጆች በብዛት በዝቅተኛው መስመር ይቀሩ ነበር፤ ከዚያ የወጣም ጥቂት ነበር። የመብት ተሟጋቹ ጁሊየስ ሆብሰን ይህን በፍርድ ቤት ሲሞግት ሁለት ጥያቄዎችን አንሥቷል፤ አንዱ ስለ መስመሮቹ፣ ሌላው ዳኞች የትምህርት ቦርድ ይሾሙ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል ወይ የሚል። በሁለተኛው ተረታ። በመጀመሪያው ግን ዳኛ ስኬሊ ራይት በጁን 1967 በሰጠው ሰፊ ፍርድ የመስመር አሠራሩን ሕገ ወጥ አድርጎ አስቆመው፣ ሃንሰንም ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ።

ዳኞች የሚሾሙት ቦርድ ከዚህ በኋላ የቀጠለው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 4 ቀን 1968 ከተገደለ በኋላ የከተማዋ ዋና ዋና የንግድ መንገዶች ተቃጥለው ሳለ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዚያው ወር በ22ኛው ቀን አሥራ አንድ አባላት ያሉት ተመራጭ የትምህርት ቦርድ የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ፤ ስምንቱ ወንበሮች ዋርድ ከሚባሉት የከተማዋ የምርጫ ክፍሎች፣ ሦስቱ ከመላው ከተማ የሚመረጡ ነበሩ። በኖቬምበር 1968 የተደረገው ምርጫ ከ1874 ወዲህ የዋሽንግተን ነዋሪ የራሱን የአስተዳደር አካል የመረጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ከተመረጡት አንዱ ሆብሰን ራሱ ሆነ፤ ሹመቱን ሲቃወም የኖረው ሰው በሕዝብ ድምፅ ገባ፣ በማግሥቱ ዓመትም በሕዝብ ድምፅ ወንበሩን አጣ።

ለሌላ የከተማ አስተዳደር ሥልጣን መወዳደሪያ በሌለባት ከተማ የትምህርት ወንበር የፖለቲካ ሁሉ በር መሆኑ የሚጠበቅ ነበር። ከተማሪዎች የመብት እንቅስቃሴ የመጣው ማሪዮን ባሪ በ1971 የቦርዱን ሊቀ መንበር አሸንፎ ገባና ሊቀ መንበር ሆነ፤ በኋላም የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎም ከንቲባ ለመሆን በቃ። ኮንግረስ በ1973 ያጸደቀው የራስ አስተዳደር ሕግ በ1974 ሥራ ላይ ሲውል ነዋሪው ከንቲባና ምክር ቤት መረጠ፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አብዮቱ የፈነዳበት፣ በኋላም ከተማዋን ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቆቹ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ ያደረጋት ስደት የጀመረበት ዓመት ነው። ቦርዱ ግን አንድ መሠረታዊ ጉድለት ይዞ ነበር የተወለደው፤ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ብዙ የትምህርት ቦርዶች ግብር ሲጥሉ፣ የዋሽንግተኑ በጀቱን የሚጠብቀው ከከንቲባው፣ ከምክር ቤቱና ከኮንግረስ ነበር። ለውጤቱ የሚወቀሰው ቦርዱ፣ ገንዘቡን የያዙት ሌሎች ሆኑ።

የትምህርት ቤቶቹ ውድቀት እውነተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን በየጊዜው ከመራጩ ድምፅ እየተቆረሰ የተሰጠ ነበር። ከተማዋ በገንዘብ ቀውስ ስትያዝ ኮንግረስ በ1995 ያቋቋመው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ አካል በኖቬምበር 1996 የተመራጩን ቦርድ ሥልጣን ወስዶ ትምህርት ቤቶቹን ለጡረተኛው ጄኔራል ጁሊየስ ቤክተን ሰጠ። በ2000 ነዋሪው በጠባብ ልዩነት በሕዝበ ውሳኔ አምስት ተመራጮችና በከንቲባው የሚሾሙ አራት አባላት ያሉትን ቅይጥ ቦርድ ተቀበለ። በ2007 ግን ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ትምህርት ቤቶቹን በራሳቸው ሥር ሲያደርጉ ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ የከተማው ምክር ቤት ሕጉን አወጣ፣ ኮንግረስ የከተማዋን ቻርተር አሻሻለ። በሕዝበ ውሳኔ የተደነገገን ነገር ያለ ሕዝበ ውሳኔ ማፍረስ፣ ዓላማው ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ከ1968 ትርጉም ወደ ኋላ መመለስ ነበር።

ከዚህ ለውጥ የወጣው ቦርድ የስቴት ትምህርት ቦርድ ተባለ፤ የፌዴራል የትምህርት ሕግ ለገንዘብ ድልድልና ለቁጥጥር ዋሽንግተንን እንደ ስቴት ስለሚቆጥራት፣ እንደ ስቴት የሚሠራ አካል ያስፈልጋት ነበርና። ዘጠኝ አባላት አሉት፤ አንዱ ከመላው ከተማ፣ ስምንቱ ከየዋርዱ ያለ ፓርቲ ስም ለአራት ዓመት ይመረጣሉ። የበላይ ኃላፊውን አይሾሙም፣ በጀት አይመድቡም፤ የትምህርት መመዘኛዎችንና የመመረቂያ መስፈርቶችን ግን ያጸድቃሉ። ለዋርድ ወንበር መወዳደር የሚፈልግ ሰው የምርጫ ቦርዱ ባዘጋጀው ቅጽ ላይ ከዚያው ዋርድ የተመዘገቡ መራጮችን 200 ፊርማ ይሰበስባል፤ ከእያንዳንዱ ፊርማ ጋር የፈራሚው ስምና አድራሻ ይሞላል፣ ፊርማውን የሰበሰበውም ሰው ፈራሚዎቹ በፊቱ መፈረማቸውን በፊርማው ያረጋግጣል። ቅጹ ገቢ ሆኖ ለሕዝብ እይታ ከቀረበ በኋላ ማንኛውም መራጭ በአሥር ቀን ውስጥ ሊቃወመው ስለሚችል፣ አድራሻ የለወጠና መዝገቡን ያላደሰ ፈራሚ ሊሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው እጩዎች ከሚፈለገው እጅግ አስበልጠው ይሰበስባሉ። ሥራው የሚከናወነው በየገበያው በር፣ በየሜትሮ ጣቢያውና በየቤቱ ደጅ ነው።

ይህ ወንበር የአማርኛ ተናጋሪውን ነዋሪ በቀጥታ ይመለከታል። በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ የምርጫ መረጃም በአማርኛ ይቀርባል። የከተማው ምክር ቤት በ2022 ያጸደቀው ሌላ ሕግ ደግሞ ዜግነት ያላገኙ ነዋሪዎች ከንቲባውን፣ ምክር ቤቱንና የትምህርት ቦርዱን ጨምሮ በከተማዋ ምርጫዎች እንዲሳተፉ ፈቅዷል፤ በፌብሩዋሪ 2023 የኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን ለመሻር 260 ለ162 ድምፅ ቢሰጥም ሴኔቱ ስላልተከተለ ሕጉ ጸንቶ በ2024 ምርጫ ሥራ ላይ ውሏል። ልጁን በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ገና ያልያዘ ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ የዋሽንግተን ተወላጆች ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የተነፈጉት ድምፅ በእጁ ገብቷል፤ በ2023 የከተማዋን አዲስ የማኅበረሰብ ሳይንስ መመዘኛዎች ያጸደቀውም ይኸው ቦርድ ነው። የከተማዋን ሕጎች የመሻር ሥልጣን አሁንም የኮንግረስ በመሆኑ፣ ይህ ድምፅ ሳይባክን በየምርጫው ሥራ ላይ ሊውል ይገባል።