የአያቴ አምስት ጥይት

አያቴ አምስት ጥይት ነበረችው። ማታ ማታ ከዝናሩ አውጥቶ በጋቢው ጫፍ ይወለውላትና አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጥሮ መልሶ ይሰካታል። ውጅግራው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ከአድዋ ዘመን የተረፈ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ጥይት የሚጎርሰው አንድ በአንድ፣ ሲተኩስም ሰፈሩን በጭስ የሚያጥን። «ነጭ ለባሽ ነኝ» ይል ነበር። እኔ በልጅነቴ ቄስ የመሆን ያህል አድርጌ እገምተው ነበር።

ስሙ ከልብሱ የመጣ ነው። ፖሊስ ካኪ ሲለብስ፣ እሱ ከእርሻው የወጣበትን ኩታና እጀ ጠባብ እንደለበሰ ሽፍታ ያሳድዳል። ደሞዝ የለውም፣ ስንቁም ከቤቱ ነው፤ በሶና ቆሎ። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጥቶ የአገሪቱ ፖሊስ ሲቋቋም አገራችን ላስታ የደረሰው ጥቂት ሰው ነበር። ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ያለውን ገደል ሁሉ ማን ይወጣዋል? የአገሩ ሰው ነዋ።

እንግሊዞችም ከ1831 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ ደሞዝ የሌለው ልዩ ኮንስታብል አላቸው፤ የእነሱ ግን የደንብ ልብስ ይለብሳል። የእኛው ከገበሬው የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። ይህ ነገር ሲጠቅምም ሲጎዳም አይቻለሁ።

መንደርን በራስ መጠበቅ ግን ከፖሊስም በፊት የነበረ ነው። እኛ አውጫጭኝ እንለዋለን፤ አፈርሳታ የሚለውም አለ። በሬ ሲሰረቅ፣ ጎጆ ሲቃጠል የአጥቢያው ሰው በሙሉ ጠዋት ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ ለብቻው ተጠርቶ የሰማውን ይናገራል። የሚጠቁመው ሰው ስም አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚባለው። ሌባው ካልተገኘ የበሬውን ዋጋ አገሩ አዋጥቶ ይከፍል ነበር። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ የጎረቤትህ በሬ ሲጠፋ ከኪስህ የሚወጣ ከሆነ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ አትተኛም። ያገራችን ሰው ሳይከፈለው መንደሩን የጠበቀው በደግነቱ ብቻ አይደለም፤ ጠብቆ ማደር ከመክፈል ስለሚረክስ ጭምር ነው።

አያቴ ግን የሚጠራው ለበሬ ብቻ አልነበረም። አንድ ሐምሌ ጭቃ ሹሙ በሌሊት በሩን መታና «ሽፍታው ወርዷል፣ ተነስ» አለው። ሽፍታው የክርስትና ልጁ ነበር። በመሬት ተጣልቶ ሰው አቁስሎ ጫካ የገባ ልጅ ነው። አያቴ በሁለተኛው ቀን አምስቱንም ጥይት ይዞ ተመለሰ። የነጭ ለባሾቹ አለቃ ቆጠረና «ለምን አልተኮስክም?» አለው። «ጉም ነበር» አለ።

ነጭ ለባሽ ሁሉ እንዲህ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ፣ መንግሥት ነጭ ለባሹን ከራሱ ጎን አሰልፎ ገበሬን በገበሬ አስመትቷል። በነጭ ለባሽነት ስም የወንድሙን እህል የዘረፈም እንዳለ ሽማግሎቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጣ። ጭቃ ሹም ቀረ፣ የገበሬ ማኅበር ቆመ። በታኅሣሥ 1968ቱ አዋጅ ማኅበሩ የራሱን ፍርድ ሸንጎና ጥበቃ ጓድ አገኘ። አጎቴ በአያቴ ቦታ ገባ፤ የማኅበሩን ጎተራ ይጠብቅ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን ሚሊሻ ተብሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ወረደ፤ ከዚያ ወደ ኦጋዴን። አልተመለሰም። ጎተራ እንዲጠብቅ የተመረጠን ሰው ጦር ግንባር መላክ ለእኔ ትልቁ ክህደት ነው። አያቴ ግን ስለዚህ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ጥይት መቁጠሩን ብቻ ተወ።

ዛሬም በየቀበሌው ሚሊሻ አለ፤ ማረሻውን አስቀምጦ የሚጠራ፣ መሣሪያውን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ከያዙ በኋላ ደግሞ ወራቱን ሁሉ መብራት አልነበረም። በእኛ ሰፈር ሽማግሌው ሳይቀር ዱላ ይዞ በተራ ያድር ነበር። አዋጅ ያወጣልን የለም፤ ተራውን ያወጣነው በአንድ ጀበና ቡና ላይ ነው። እኔ የደረሰኝ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሲሆን፣ የለበስኩትም የአያቴን ነጭ ጋቢ ነበር።

አያቴን ሳስብ ሴት አያቴ ትዝ ትለኛለች። ካረፈ በኋላ ስለዚያ ሐምሌ ጠየቅኋት። እንዝርቷን ሳታቆም ሳቀች።

«የዚያን ለት እንኳን ጉም፣ ጤዛም አልነበረ» አለችኝ።